«መጽሐፍ ነው ያስጨረሰን»፦ ስለ አንድ ትውልድና ስለ አንድ ሐሳብ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እናቴ በ1968 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በዚያ ዘመን ሁለት ወንድሞቿን አጥታለች፤ አንዱ የኢሕአፓ፣ ሌላው የመኢሶን፣ የሁለት ተቀናቃኝ የግራ ድርጅቶች ሰዎች ነበሩ። ስለ ጊዜው ስጠይቃት የምትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹መጽሐፍ ነው ያስጨረሰን።› እውነት ነው? ያን ሁሉ የተማረ ወጣት ማርክሲስት ያደረገው ምንድን ነው? ሌላ ሐሳብ አልነበረም? ደግሞስ ሐሳብ ሰው ይገድላል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ከእናትሽ ጋር ሙግት ለመግጠም አልደፍርም። ሁለት ወንድሞቿን በአንድ ዘመን ያጣች ሰው የተናገረችው ቃል በማስረጃ ብዛት የሚረታ አይደለም። ነገር ግን ይህንኑ አባባል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። የሟች እናቶች ብለውታል፤ ከእስር የተረፉ ብለውታል፤ አሳሪዎቹም ብለውታል። ሁሉን ወገን እኩል የሚያስማማ አባባል ሲገጥመኝ፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ፣ እጠረጥራለሁ። መጽሐፍ ችሎት ፊት አይቆምም፤ ጥፋቱን እሱ ላይ ማላከክ ማንንም አያስቀይምም።

እስቲ ከሁለት ቀኖች ልነሳ። ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ የረሸነው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነው። የአገሪቱ መመሪያ ኅብረተሰብአዊነት መሆኑን ያወጀው ደግሞ ታኅሣሥ 11 ቀን ነው። በመካከሉ 27 ቀን አለ። ያን ሌሊት ተኩሱን ካዘዙት መኮንኖች አብዛኞቹ ከማርክስ ጋር ገና አልተዋወቁም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአደባባይ ይሰማ የነበረው መፈክርም «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ነበር። ደሙ ከመጽሐፉ ቀድሞ ፈሷል። ይህ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የእናትሽን አባባል ግን ጥቂት ያነቃንቀዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ማርክሲዝም እንደ ወረርሽኝ ከውጭ ገብቶ ጤነኛውን ያገር ልጅ ያሳበደ አድርጎ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ያ ሐሳብ የገባው ጥያቄው ቀድሞ ተሰናድቶ በጠበቀው ቤት ነው። ጥያቄው «ለምን ወደ ኋላ ቀረን?» የሚል ነበር፤ ከዓድዋ በኋላ የመጡ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሌት ተቀን የሚብሰለሰሉበት። መልሳቸው ጃፓን ነበረች። ገና በለጋ ዕድሜው በ1911 ዓ.ም. የሞተው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጃፓን መንገድ እንሂድ ብሎ ጽፏል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የነደፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርአያ ያደረጉት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያው ድረስ ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ጥያቄውን ሳይሸፋፍኑ አስቀመጡት፦ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች።»

የእነዚህ ሰዎች ፍለጋ አንዲት ወደ ኋላ የቀረች አገር በአንድ ሰው ዕድሜ የምትሻገርበት ድልድይ ነበር። ልጆቻቸው ያንኑ ድልድይ ፍለጋ ቀጠሉ፤ የጃፓንን ስም ፍቀው ሩሲያንና ቻይናን ጻፉበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ለነበረ የ20 ዓመት ተማሪ ሶቪየት ኅብረት ጭሰኛ የነበረ ሕዝብ በ40 ዓመት ውስጥ ሰው ወደ ጠፈር የላከባት አገር ነበረች። የስታሊን ካምፖች? ወሬው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ስለዚህ አይታመንም።

በአባቶችና በልጆች መካከል ግን ጉድጓድ አለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጀምሮ ፋሺስቶቹ የተማረውን ወጣት እየፈለጉ ፈጁት። ኅሩይም በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት የገባው ትውልድ በሐሳብ ሊከራከረው፣ «ይህን እኛም ሞክረነው ነበር» ሊለው የሚችል ታላቅ ወንድም አላገኘም። ያገኛቸው ሽማግሌዎች ሹመት የያዙት ናቸው፤ የእነሱ ምክር «ልጄ፣ ጊዜ ሲደርስ ይሆናል» ነበር።

እዚህ ላይ ታሪክ የምትወደው ዓይነት ቀልድ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም አስተዳዳሪዎቹ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ነበሩ። ቀጥሎ የአሜሪካ ገንዘብና መምህራን መጡ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሰላም ጓድ የተባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ጀመር። ከመነኮሳትና ከአሜሪካውያን እጅ የሌኒን ደቀ መዛሙርት ወጡ። ሶቪየቶች ይህን ውጤት በገንዘብ እንግዛው ቢሉ አይሳካላቸውም ነበር።

ተማሪውን የለወጠው ግን መምህሩ ብቻ አይደለም። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ነፃ የትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች በአገራቸው ፓርቲ፣ የሠራተኛ ማኅበርና ነፃ ጋዜጣ ሲያዩ ያደጉ ነበሩ። «እናንተ ነፃ አገር ናችሁ፤ ታዲያ ፓርቲያችሁ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በመኝታ ክፍል ሲገኝ ምን ትመልሺያለሽ? ቀጥሎ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት መጣ። ከሸፈ፤ ተማሪው ግን ለድጋፍ አደባባይ ወጥቶ ነበርና የወጣበትን መንገድ አልረሳውም።

እንግዲህ «ሌላ ሐሳብ አልነበረም?» ላልሽው። ነበረ። ቤቱን ግን ሌሎች ይዘውት ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምርጫ ፈቀደ፤ ፓርቲ ግን አልፈቀደም። ምክር ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው በአብዛኛው ባለ መሬት ነው። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት በዚሁ ምክር ቤት ደጃፍ ነበር፤ በውስጡ የሚመከረው የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነት ጉዳይ ነበርና። ለዚሁ ጉዳይ አንድ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ የሚከፍለውን ድርሻ የሚወስን፣ በዘፈቀደ እንዳይባረር የሚከላከል የሕግ ረቂቅ ወጣ። ረቂቁ ምክር ቤት ገብቶ እዚያው አረጀ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሕግ አልሆነም። በዚያው ጊዜ በአርሲ ጭላሎ ስዊድኖች የጀመሩት የእርሻ ልማት ፕሮግራም ምርቱን ሲያሳድገው መሬቱ ተወደደ፤ ባለ መሬቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አባረረ። ልማቱ ሠራ፤ ድሀው ተነቀለ።

የዳር ተመልካች ሆኜ ስናገር «ቀስ በቀስ ማሻሻል» የሚባለው ሐሳብ በክርክር አልተረታም። በዓይን ታየና ተናቀ። ሊበራልነትን ይወክላል የተባለው አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የጦር ሰፈር ይዞ ንጉሡን የሚያስታጥቅ፣ በቬትናም ገበሬ ላይ ቦምብ የሚጥል መንግሥት ነበር። የኮንጎው መሪ ሉሙምባ ከተገደለ በኋላ ደግሞ የምዕራቡን ቃል የሚያምን አፍሪካዊ ተማሪ ማግኘት ከባድ ሆነ። በመካከል የቆሙ ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚያመለክት ጽሑፍ አሳትመዋል፤ በዚያው ክረምትም አንድ ኮሚሲዮን የንጉሡን ሥልጣን የሚገድብ ረቂቅ ሕገ መንግሥት አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁን ያነበበው ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ፤ የተዋጋለት ግን አልነበረም።

ከዚህ ጋር አንድ የምቆጭበት ነገር አለ። በጥናት ክበቦች ይነበቡ ከነበሩት የማኦ አጫጭር ጽሑፎች አንዱ ሊበራሊዝምን ስለ መዋጋት የሚያትተው እ.ኤ.አ. የ1937ቱ ነው። በዚያ ጽሑፍ «ሊበራሊዝም» ማለት የሕግ የበላይነት ወይም የንግግር ነፃነት አይደለም፤ ልልነት ነው። ለምሳሌ የጓደኛን ስሕተት በወዳጅነት፣ በአብሮ አደግነት ወይም በያገር ልጅነት ማለፍ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ትውልድ «ሊበራል» የሚለውን ቃል የተዋወቀው የጠባይ ጉድለት ስም ሆኖ ነው። «ጓድ እገሌ ሊበራል ነው» ማለት ለወንድሙ ያዝናል ማለት ነበር። ይህን ሳስብ እናትሽና ሁለቱ አጎቶችሽ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይታዩኛል።

ስለ ንባቡም ልንገርሽ። ብዙ አነበቡ ይባላል፤ በእኔ ግምት ጥቂት አነበቡ፤ ያንኑ ጥቂት ግን ደጋግመው። ያነበቡትም በእንግሊዝኛ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ያ ዝነኛ ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሕዝቦች በገዛ ቋንቋቸው ስለመተዳደራቸው የተካሄደው ክርክር ትልቁ ክፍል ሕዝቦቹ በማያውቁት ቋንቋ ተካሄደ። ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃላቱ አዲስ ሥጋ ለበሱ። «ብሔር» በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» ስንል የዓለም ጌታ ማለታችን ነው። ያ የቦታ ስም የነበረ ቃል የሰዎች ስብስብ መጠሪያ ሆነ። ቦታ የነበረው ሰው ሲሆን ሰውየው ደግሞ የራሱን ቦታ ይጠይቃል፤ ይህን እንደ ቋንቋ ጨዋታ አትዪብኝ።

ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔር ለመባል የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ግዛት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት፣ በባህል የሚገለጽ የጋራ ሥነ ልቦና ይላል። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 አጠገቡ አድርገሽ አንብቢው። ባህሉ፣ ቋንቋው፣ ሥነ ልቦናው፣ የተያያዘው መልክዓ ምድር አለ። የኢኮኖሚ ሕይወቱ ወጥቷል፤ በቦታው የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን ገብቷል። የሶሻሊዝም ሐውልት ከፈረሰ ከዓመታት በኋላ ዓረፍተ ነገሩ በሕግ መጽሐፋችን ውስጥ በሕይወት አለ። አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲል የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድምፅ ይሰማል። በነገራችን ላይ የዚያን አዋጅ ክብር ማንም እንዲነሳው አልፈልግም። ጭሰኝነትን በአንድ ቀን አስቀርቷል፤ ያን ዕለት የተደሰተው ገበሬ ማርክስን አላነበበም፤ ሲሶና እርቦ ሲከፍል ግን ኖሯል።

ወደ ሁለቱ አጎቶችሽ ልመለስ። ጉዳዩን ከውጭ ለሚያየው ሰው የሚያስገርመው ሁለቱ ድርጅቶች የሚያመሳስላቸው ብዛት ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረቱ። መሥራቾቹ ከአንድ የተማሪ ማኅበር የወጡ፣ በአንድ ጉባኤ የተቀመጡ፣ ተመሳሳይ መጻሕፍት ያነበቡ ናቸው። መሬት ለአራሹ፣ የብሔረሰቦች መብት፣ የዘውዱ መውደቅ፣ ሶሻሊዝም፤ በአራቱም ይስማማሉ። የተለያዩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥልጣን የያዘውን ወታደር ምን እናድርገው? ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። ይህን መጀመሪያ ላይ መኢሶንም ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሂሳዊ ድጋፍ ዞረ፤ ከወታደሩ ጋር እየሠራን ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ አለ። ይህ የስልት ልዩነት ነው። በሌላ አገር ቢሆን በጉባኤ ድምፅ ይቆጠርበታል፤ የተሸነፈው ወገን ተናድዶ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል።

በ1968 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ያንን የሚመስል ነገር ታይቶ ነበር። አዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ዓምድ ሁለቱን ወገኖች አከራከረ። በብዕር ስም ቢሆንም ክርክሩ የአደባባይ ነበር፤ አንባቢውም ጋዜጣውን ተሻምቶ ያነብ ነበር። ከዚያ ዓምዱ ተዘጋ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ቀይ ሽብሩ በኢሕአፓ ላይ ወረደ፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶንም ህቡዕ ገባ፤ የገባበትም አላዳነውም። የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳም፣ በከተማው የትጥቅ ትግል ጉዳይ ከድርጅቱ አመራር ተለይቶ የነበረው የኢሕአፓው ብርሃነ መስቀል ረዳም የሞቱት በአንድ መንግሥት እጅ ነው።

ሐሳቡን በራሱ ለመመዘን አንድ ማነጻጸሪያ ልስጥሽ፤ ከሩቅ የመጣ ቢሆንም ይረዳል። ፖርቱጋል። እዚያም በዚያው በእኛው 1966 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ወጣት መኮንኖች አሮጌ ሥርዓት ገለበጡ። እዚያም መሬት ተወረሰ፣ ባንክ ተወረሰ፣ መኮንኖች ስለ ማርክስ አወሩ፣ ግራዎች በግራዎች ላይ ጮኹ። ልክ በዓመቱ ግን ምርጫ አደረጉ። ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ ወጣ። ኮሙኒስቶቹ ወደ 12 ከመቶ ተኩል አገኙ፤ ሶሻሊስቶቹ 38 ገደማ። ኮሙኒስቶቹ አልወደዱትም፤ ሆኖም ምክር ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ፓርቲያቸው እስከ ዛሬ አለ። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው። ልዩነቱ እዚያ የተሸነፈ ሰው ቤቱ የሚገባበት መንገድ መኖሩ ነው። በእርግጥ ፖርቱጋል ኢትዮጵያ አይደለችም። በዙሪያዋ ሊደግፏት የሚሹ የአውሮፓ ፓርቲዎች ነበሩ፤ በምሥራቅ ደጇ የሶማሊያ ጦር አልቆመም፤ የኤርትራን የመሰለ ጦርነትም በጓዳዋ አልነበረም፤ የቅኝ ግዛት ጦርነቷን ትታ ለመውጣት የቻለች አገር ናት። ይህን ሁሉ ቀንሼ እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም።

እንግዲህ ሐሳቡን ከደሙ ንጹሕ ነው ልል ነው? አልልም። ያ ሐሳብ፣ በተለይ እኛ ዘንድ በደረሰበት መልኩ፣ አንድ መርዝ ነበረው፦ የሚቃወምሽን ሰው «ተሳስቷል» አይልም፤ «የእነ እገሌ መደብ ነው» ይላል። የተሳሳተን ሰው ታስረጂዋለሽ፤ መደቡ ጠላት የሆነን ሰው ግን ማስረዳት ሞኝነት ይሆናል። ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ የተባዛ ወረቀት ላይ ባገኘሁት ቃል፣ አባቴን ማታ በእሳት ዳር «አንተ እኮ ንዑስ ከበርቴ ነህ» አልሁት። ሦስት ፍየልና የጨው ንግድ ነበረው። ዝም ብሎ አየኝና «ከበርቴስ ያድርገኝ፤ ንዑሱን ምን አመጣው?» አለ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴን የመደበ ቃል በእጄ ነበረ፤ ደስታውን አስታውሰዋለሁ። በእጄ ቃሉ ብቻ ስለነበረ ነው ዛሬ የምሥቀው። ቀበሌ ውስጥ ጠመንጃ ከተሰጣቸው እኩዮቼ አንዱ ብሆን ኖሮ ስለዚያ ማታ አሁን አልጽፍልሽም ነበር።

ስለዚህ ሐሳብ ሰው ይገድላል ወይ ላልሽው መልሴ ይህ ነው። ያ ሐሳብ ማንን መግደል እንደሚቀል አሳይቷል፤ የገደሉት ግን ተከራክሮ መሸነፍ ነውር በሆነበት፣ ፓርቲ በማያውቅ፣ ፍርድ ቤት ደርግን በማይጠይቅበት አገር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ናቸው። ያንን ሜዳ የሠራው ማርክስ አይደለም። ፓርቲ የከለከለው ዘውድ ነው፤ የጭሰኛውን ረቂቅ በመሳቢያ ያስረጀው ምክር ቤት ነው፤ ጋዜጣውን የዘጋው ወታደር ነው፤ በህቡዕ መኖርን ጀግንነት ብለን ያከበርነው እኛም አለንበት። ህቡዕ ድርጅት ውስጥ ሐሳብ መለወጥ ከድርጅት መክዳት ጋር አንድ ነው። በዚህ ከማይስማሙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀናል፤ አንዳንዶቹ ለሐሳቡ ከእኔ የበለጠ ድርሻ ይሰጡታል፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም።

እናትሽን ግን «ለምን አመናችሁ?» ብለሽ አትጠይቂያት። ያ ጥያቄ ክስ ይመስላል፤ መልሱም ያው አንዱ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ትንሽ ነገር ጠይቂያት። በዚያ ዘመን ሠራተኛውን ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲለው መኢሶን «ወዝአደር» ይለው ነበር። ላብና ወዝ፤ ከአንድ ገላ የሚወጡ ሁለት ነገሮች። ሰው በየትኛው ቃል እንደተናገረ ሰምቶ የየትኛው ወገን መሆኑን መለየት ይቻል ነበር። ሁለቱ ወንድሞቿ እቤት ሲገናኙ፣ እራት ላይ፣ የትኛውን ቃል ይሉ እንደነበር ጠይቂያት። እሷስ በመካከላቸው ተቀምጣ የትኛውን ትል ነበር?